የገናው ሳል

ሴትዮዋ ወጥ ቤት ውስጥ የቁርሱን ብርጭቆ እያለቀለቀች ነበር። ምራቷ ሳሎን ተቀምጣ የሴት ልጇን ፀጉር ትጎነጉናለች፤ ልጅቷ ደግሞ ራሷን ላለማንቀሳቀስ አንገቷን አግትራ፣ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቷ የገና ዝግጅት ላይ ብቻዋን ቆማ የምትዘፍነውን ዘፈን ትለማመዳለች። «በሩን አልዘጋሁም» የሚለው ጋ ስትደርስ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እጇን ጨብጣ ወደ አፏ አስጠግታ «እህም» አለች።

«ሳሉን ተይው ብዬሽ የለም?» አለቻት ምራቷ።

«ለምን?»

«መምህርሽ ከአባትሽ ሰምታ ነግራችኋለች አይደል። በአዲሱ ላይ የለም፤ ተጠርጎ ወጥቷል።»

«እና እዚያ ጋ ምን ልበል?»

«ምንም። ሁለት ቆጥረሽ ቀጥይ።»

ልጅቷ እንደገና ጀመረች። ቦታው ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ላይ በጣቷ ሁለት ቆጠረችና «ግባ፣ ያንተው ቤት ነው» ብላ ቀጠለች። ሴትዮዋ ብርጭቆውን አልጣለችም። እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ብርጭቆ የሚሰበረው በፊልም ነው። አለቅልቃ ደፋችው፤ እጇን በሽርጧ አደረቀች፤ ከዚያ ልጇ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ወደሚያስርበት በር ሄዳ ቆመች።

«ተጠርጎ ወጥቷል ማለት ምን ማለት ነው?»

«የቱ?»

«ሳሉ።»

«ባለፈው ወር የፈረምሽው እኮ ነው፣ እማዬ። የድሮውን ቅጂ ሊያጸዱት ነው ብዬሽ አልነበር? የካሴቱን ጩኸት፣ ምኑን ምኑን። ሳሉም አብሮ ይወጣል ይላል ወረቀቱ።» ቀና ብሎ አያት። «አላነበብሽውም እንዴ?»

«መነጽሬን አላደረግሁም ነበር።»

«እኔማ አጎቴ ተስማምቷል አሉ ስልሽ፣ እሱ ካለ እኔ ምን ቸገረኝ ብለሽ ነው የፈረምሽው። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ በሬዲዮ ይለቀቃል።» ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገ። «ምነው? ሳል እኮ ነው።»

ልጇ አልተሳሳተም። ወረቀቱ የመጣ ቀን ከሥራ ደክሟት ገብታ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ነበር፤ እስክሪብቶውን እጇ ላይ አስይዞ ቦታውን በጣቱ ሲያሳያት፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ፈረመች። የባሏ ታናሽ ወንድም ይሁን ብሏል ተባለ፤ ከእሱ ጋር ከተነጋገረች ደግሞ ስድስት ዓመት አልፏል። እሱ ይሁን ያለውን አይሁን ብላ በሰው በሰው መልእክት እየላከች የምትከራከርበት አንደበት አልነበራትም። ወረቀቱ ውስጥ ምን እንደነበረ ብታውቅ ኖሮ ግን እጇን ቢቆርጧትም አትፈርምም ነበር።

ዘፈኑ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይመጣል፤ ከጫማ መደብሩ፣ ከፀጉር ቤቱ፣ ከአውቶብሱ፣ ከሰው ኪስ ስልክ። ተኮራርፎ ከቤት የወጣ ወንድሙን ለገና ና ብሎ የሚለምን ሰው ዘፈን ነው። ግጥሙም ዜማውም ቀላል ነው፤ ከእሱ የተሻሉ ስንትና ስንት የገና ዘፈኖች ወጥተው ተረስተዋል። ይኼኛውን ያቆየው ሳሉ ነው። ዘፋኙ «በሩን አልዘጋሁም» ብሎ ዝም ሲል፣ ኦርጋኑም ትንፋሹን ሲውጥ፣ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ አንድ ወንድ «እህም» ይላል፤ ደጅ የደረሰ ሰው መምጣቱን ለማሳወቅ ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ያለ። ከዚያ ዘፋኙ «ግባ» ይላል። ሰሚው ሁሉ ወንድምየው የመጣ መሰለው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮም አብሮ ይስላል። የተኮራረፉ ባልና ሚስት «እህም» ተባብለው ታረቁ የሚል ወሬ በየዓመቱ አይጠፋም። እሷ መጋረጃ የምትሰፋበት ሱቅ ዘበኛ በዚያ ሰሞን ለገባው ለወጣው ሁሉ ጉሮሮውን እየጠረገ ነው በር የሚከፍተው። እሷ ግን አንድ ቀንም አብራ ስላ አታውቅም። ሰው ሲስል እሷ ታዳምጣለች። የሚስለው ባሏ ነዋ።

ባሏ የፍራሽ ሱቅ ስፖንጅ ቆራጭ ነበር። ዘፈኑ የተቀዳውም በሱቁ መጋዘን ነው፤ እስከ ጣሪያው የተደረደረው ስፖንጅ የውጭውን ጫጫታ ስለሚውጥ። የገና ዘፈን ይሁን እንጂ የዓመቱ ሙቀት በበረታበት ወር ነው፤ ባሏ፣ ወንድሙና እሷ ሦስቱም ላባቸው በጀርባቸው ይወርድ ነበር። ዜማውን ያወጣው ባሏ ነው፤ ኦርጋኑንም ከዘመድ ተውሶ አምጥቶ የተጫወተው እሱ ነው፤ ግጥሙን የጻፈውና የሚዘፍነው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ቤት ውስጥ «ትንሹ» ነበር የሚባለው፤ ባለሱቁ አንድ እሑድ መጋዘኑን፣ መቅጃውንና አንድ ካሴት ፈቀደላቸው። የደወል ድምፅ ስላልነበራቸው እሷ የመጋዘኑን ቁልፍ ዘለላ ይዛ አንሿሿች። ሰው እስከ ዛሬ የገና ደወል የሚለው የመጋዘን ቁልፍ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ሞክረው ዘጠኝ ጊዜ ተበላሸ። በአሥረኛው ሁሉም ሰምሮ ሳለ፣ ሲናኝ የዋለው የስፖንጅ ብናኝ የባሏን ጉሮሮ ያዘው። ለአሥራ አንደኛ የሚሆን ጊዜ አልነበረም፤ ባለሱቁ የሚመጣበት ሰዓት ደርሷል። ጣቶቹን ከኦርጋኑ ሳያርቅ፣ ዓይኑን በይቅርታ ወደ እሷ እየላከ ተጫውቶ ጨረሰ። እሷ ሕፃኑን ጎረቤት ትታ ነበርና እንዳለቀ ሮጣ ወጣች። ያ የብናኝ ሳል ከዓመታት በኋላ ሌላ ሳል ሆነ። ስለዚያኛው አታወራም።

ስለ መጀመሪያውም ቢሆን ለማንም አውርታ አታውቅም፤ ለልጇም ጭምር። ከተማው «ገናው» የሚል ስም ያወጣለት ትንሹ፣ በተጠየቀ ቁጥር ሳሉ የእኔ ነው ይላል። ባሏ በሕይወት ሳለ ይህን በሬዲዮ ሲሰማ ፈገግ ብሎ ዝም ይል ስለነበር እሷም ዝም አለች። ከቀብሩ በኋላ ግን፣ ገና ስድስተኛው ቀን ላይ፣ ትንሹ በሬዲዮ ቀርቦ ስለ ሳሉ ተጠየቀ። «የእኔ ነዋ፣ የማን ሊሆን ነው?» አለና ሳቀ። ሴትዮዋ ሬዲዮኑን ዘጋች። አልተጣላችም፤ ክፉ ቃል አልወጣትም። ሲደውል አላነሳችም፤ ሲመጣ ሥራ ላይ ሆነች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእነሱ ዝምታ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ውስጥ ውስጡን ሲነቅዝ ኖረ።

የመጋረጃ ሱቁ ባለቤት ጋ ደወለች። «የጥርስ ሐኪሙ መጋረጃ አልቋል፤ ጠረጴዛው ሥር ታጥፎ ታገኘዋለህ። ዛሬ አልመጣም።»

«በሃያ ዓመት ቀርተሽ አታውቂም። አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም።»

የውሉን ግልባጭ ከመሳቢያ አውጥታ፣ አሁን መነጽሯን አድርጋ፣ የስቱዲዮውን አድራሻ አነበበች። አውቶብሱ ውስጥ ከፊቷ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ያወሩ ነበር። «ዓምና አምስት ኪሎ በገዛሁበት ዘንድሮ ሁለት ኪሎ ይዤ ገባሁ» ትላለች አንደኛዋ፤ ዘፈኑ ከሾፌሩ ሬዲዮ መጣ፤ ተናጋሪዋ ወሬዋን በመሃል አቁማ ከተሳፋሪው ሁሉ ጋር «እህም» አለችና «እሱም የበሰበሰ» ብላ ቀጠለች። ሾፌሩ «መስኮት ክፈቱ እባካችሁ፣ ወረርሽኝ ገብቷል» አለ። የዓመት ዓመት ቀልዱ ሳይሆን አይቀርም። ባሏ ለመጨረሻ ጊዜ በአደባባይ የተሰማው በዚህ አውቶብስ ውስጥ እንዳይሆን እያሰበች በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

ስቱዲዮው ከጎማ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችላት የድምፅ ባለሙያ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ የሰካች፣ በአንድ እጇ የተገመጠ ብስኩት የያዘች ሴት ነበረች። «ይግቡ፣ እናቴ፤ ደረጃው አድክሞዎታል» ብላ ወንበር ሳበችላት። ግድግዳው በሙሉ በግራጫ ስፖንጅ ተሸፍኗል። ሴትዮዋ ሳታስበው እጇን ሰድዳ ዳሰሰችው፤ ጥራቱን ጫን ብላ ለካች። «ዛሬም ስፖንጅ ነው?» አለች።

«ከእሱ የተሻለ አልተገኘም» አለች ባለሙያዋ።

ማን እንደሆነች ስትነግራት ባለሙያዋ ብስኩቱን አስቀመጠች። የዜማው ባለቤት ሚስት ደረጃ ወጥታ ትመጣለች ብላ አልጠበቀችም። አዲሱን መስማት እንደምትፈልግ ስትረዳ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችላትና ቁልፉን ተጫነች። ሴትዮዋ እጆቿን ቦርሳዋ ላይ አነባብራ ሰማች። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ይህን አልካደችም። ጩኸቱ ጠፍቷል፤ የትንሹ የወጣትነት ድምፅ ትናንት የተቀዳ ይመስላል። የመጋዘኑ ቁልፎችም ጎልተዋል፤ እያንዳንዷን ቁልፍ ለይታ መስማት ትችላለች፤ የእጇን ድካም ሳይቀር። «በሩን አልዘጋሁም» አለ ዘፋኙ። ከዚያ ምንም። ንጹሕ፣ የታጠበ ባዶ ቦታ፤ በውስጡ የእሷ ቁልፎች ብቻቸውን ሁለት ጊዜ ሿ አሉ። ዘፋኙ «ግባ» አለ፤ ማንን ግባ እንደሚል ግን አይታወቅም። እሷ አለች፤ እሱ የለም። ይህን ለማወቅ ማዳመጫ አያስፈልጋትም ነበር፤ ከዓመት እስከ ዓመት ቤቷ ውስጥ ያለው ይኸው ነው።

ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ሳሉ የባለቤቴ ነው» አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ጮክ ብላ ያለችው፤ የእሷም ድምፅ አልመስል አላት።

«ዘፋኙ የእኔ ነው ይላሉ እኮ።»

«ይላል።»

ባለሙያዋ እርሳሱን ከፀጉሯ ነቀለች፤ መልሳ ሰካችው። «እውነቱን ልንገርዎትና፣ ሳወጣው እጄ እሺ አላለኝም ነበር። እናቴ በየዓመቱ ትስልበታለች። ግን ሁለቱም ወገኖች ፈርመዋል ተባልኩ። የድሮውን አልጣልኩትም፤ ሁለታችሁም ሐሳባችንን ቀይረናል ካላችሁኝ ከነሳሉ አጽድቼ እሰድደዋለሁ። ግን ሁለታችሁም ናችሁ፤ እርስዎ ብቻ አይበቁም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይደውሉልኝ።»

ስለዚህ ትንሹ ቤት መሄድ ግድ ሆነ። ስድስት ዓመት ያልረገጠችው መንገድ ነው፤ እግሯ ግን አልረሳውም። ትንሹ አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዘፈኑ ዝና እንጂ ሀብት አላመጣለትም፤ መኪና መንዳት ያስተምራል። ተማሪዎቹ ፍሬን በረገጡ ቁጥር «እህም» እያሉ ያሾፉበታል ሲባል ሰምታለች። ቤቱ ከመድኃኒት ቤት በላይ ሁለት ክፍል ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የተቀቀለ ድንች ይሸታል፤ የማንኪያ ድምፅ ይሰማል። ደጁ ላይ ቆመች። ምን ብላ እንደምትጠራው አላወቀችም። «ትንሹ» እንዳትል የድሮ ፍቅር ይሆንባታል፤ «ገናው» እንዳትል የመንገድ ሰው ትሆናለች። አፍንጫዋን ልትጠርግ መሐረብ ስትፈልግ ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፎቹ ተንሿሹ። የፍራሽ ሱቁ ከፈረሰ በኋላ የሚከፍቱት በር የለም፤ ከቤቷ ቁልፍ ጋር አስራቸው ግን ዛሬም ትዞራለች።

ማንኪያው ቆመ።

«የመጋዘኑ ቁልፍ ነው» አለ ከውስጥ። «ግቢ፣ እትዬ።»

አርጅቷል። ሸሚዙ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሏል፤ የልብስ ሰፊ ዓይኗ መጀመሪያ ያየው እሱን ነው። ወንበር ላይ የነበረውን ጋዜጣ አንስቶ አስቀመጣት፤ ሳትጠይቀው ሁለተኛ ሳህን አመጣ። ድንቹን አካፈላት።

«ለምን ፈረምክ?» አለች።

«አንቺ ፈርመሻል አሉኝ።»

«እኔን ደግሞ አንተ ፈርመሃል አሉኝ።»

ትንሹ ሹካውን አስቀመጠ። «መስማቱ ከብዷት ነው አልኩ። ገና በመጣ ቁጥር የወንድሜን ሳል ከየሱቁ እየሰማች እንዴት ትችለዋለች፤ ይውጣላት አልኩ። ደስ ብሎኝ አይደለም።»

«እኔ እኮ ዓመቱን የምጠብቀው እሱን ለመስማት ነው።»

ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማል። ስድስት ዓመት ጉሮሮዋ ላይ የተቀመጠውን ነገር ያን ጊዜ አወጣችው፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ የድንች ዋጋ እንደምትጠይቅ ሰው። «የወንድሜ ሳል አልክ አሁን። በቀብሩ ሳምንት ግን የእኔ ነው ብለህ ሳቅህ።»

«ሳቅሁ» አለ። «ባልስቅ አለቅስ ነበር። እንዳለቅስ ደግሞ አልተፈቀደልኝም።» ከዚያ እጁን በሱሪው ጠራርጎ ነገራት። «ያን እሑድ አንቺ ለልጁ ሮጠሽ እንደወጣሽ ባለሱቁ መጣ። ካሴቱን ሰማና ‹ማነው ካሴቴ ላይ የሳለው?› አለ። ጋሼ ቤቱን የሚያስተዳድረው እዚያ ሠርቶ ነው፤ ልጅ ተወልዶበታል። እኔ ነኝ አልኩ። ሰውየው ሦስት ወር ሰላም አላለኝም።»

«ሰው ሲወደውስ?»

«ሲወደውማ፣ ወስጄብሃለሁና ልመልስልህ አልኩት። ‹ተወኝ፣ በየመንገዱ ሳል ሳል እያሉ ያስቸግሩኛል፤ ላንተ ያምርብሃል› አለኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አልጋ ላይ ሆኖ አስማለኝ። ‹የእኔ መሆኑን ካወቁ ሰው አይስቅበትም፤ የሟች ሳል ይሆናል። ልጆች ይሳቁበት። ያንተ ነው በል፤ ሲጠይቁህም ሳቅ› አለኝ። እሷስ? አልኩት። ‹እሷ ታውቃለች፤ እሷ ካወቀች ይበቃኛል።›»

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ ያልቆሸሸውን መስታወት ደጋግማ ጠረገች። ሰረቀኝ ስትለው የኖረችው ሰው ለካ አደራ ጠባቂ ነው። ለሠላሳ አንድ ዓመት የወንድሙን ጥፋት ተሸክሞ፣ ጥፋቱ ጌጥ ሲሆን ደግሞ ጌጡን የእኔ ነው እያለ በእሷ ኩርፊያ ሲቀጣ ኖሯል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አላናገርሽኝም እኮ፣ እትዬ።»

ይህን ያለው ሳይወቅስ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንደሚነግር ሰው። ሳቋ መጣ፤ በአፍንጫዋ ወጣ፤ አልከለከለችውም። ድንቹን በሉ። ቀዝቅዟል፤ ጨውም አንሶታል፤ እንዲህ ያለ ምሳ ከበላች ግን ዘመን ሆኗታል። ከዚያ ትንሹ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አድርጎ ደወለ፤ ለባለሙያዋ ተራ በተራ፣ መጀመሪያ እሷ ቀጥሎ እሱ፣ ሐሳባችንን ቀይረናል አሉ። «ከነሳሉ?» አለች ባለሙያዋ። «ከነሳሉ» አሉ ሁለቱም ባንድ ጊዜ። ሴትዮዋ አመሰግናለሁ አለች፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም አንድ ጊዜ ደገመችው፤ ለማን እንደሆነ ትንሹ አልጠየቃትም።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲደርሱ ዝግጅቱ ተጀምሯል። ወንበሮቹ ለልጆች የተሠሩ ናቸው፤ አባቶች ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ተቀምጠዋል። ምራቷ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲገቡ ስታይ ቦርሳዋን አንስታ ከወንበር ላይ ቦታ ለቀቀች። መድረኩ ላይ መምህርቷ «ቀጥሎ ሁላችሁም የምታውቁት ዘፈን ነው» አለች። «ወላጆች፣ በአዲሱ መንገድ ነው የተለማመድነው፤ አደራ፣ እንዳትስሉ።» ሰዉ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትንሹ ተነስቶ አንድ ቀልድ ጣል ያደርግ ነበር፤ ዛሬ ግን እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አድርጎ ቁጭ አለ።

ልጅቷ ወጣች። የተጎነጎነው ፀጉሯ አንድ ቦታ ተፈትቷል። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ኋላ መንገዱን አገኘ። «ለገና ና፣ በሩን አልዘጋሁም» አለችና ዝም አለች። ፒያኖውም ዝም አለ። አዳራሹ ውስጥ መቶ ጉሮሮ ባንድ ጊዜ ሲታነቅ ይሰማል። ሰዉ አንገቱን አዙሮ ትንሹን አየ፤ የሳሉ ባለቤት እሱ ነዋ፤ ቢስል ማንም አይቆጣውም። ትንሹ ግን የሚያየው ሴትዮዋን ነበር። ልጅቷ ቀሚሷ ላይ በጣቷ አንድ ብላ ቆጠረች።

ሴትዮዋ እጇን ጨበጠች። ባሏ የዚያን እሑድ ማድረግ ያልቻለውን፣ እጁ ኦርጋኑ ላይ ስለነበር፣ እሷ አደረገችለት፤ ጡጫዋን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ጮክ ሳትል፣ ደጅ የደረሰ ሰው እንደሚለው፣

«እህም» አለች።

ልጅቷ ሁለተኛውን ሳትቆጥር ቀና አለች። አያቷን አየቻት፤ ከዚያ ከአያቷ ኋላ ክፍት ወደነበረው በር አየች።

«ግባ» ብላ ቀጠለች፣ «ያንተው ቤት ነው።»